አቴኖ ውሃ ስትጠጣ

ባለፈው ማክሰኞ ከዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስመለስ፣ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ የምንኖርበት ፎቅ መግቢያ ላይ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ተንበርክኮ የናስ ጥብጣብ ሲሞርድ አገኘሁት። የአውራ ጣት ስፋት ያላት፣ የበር ደፍ ጠርዝ ላይ የምትገጠም ነገር ናት። ሲቆርጣትማ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው የቆረጣት፤ ጩኸቱን ከመንገድ ማዶ ሰምቼ በልቤ ተራግሜያለሁ። ጠርዟን ግን በእጅ ሞረድ ነበር የሚያለሰልሳት። የተሞረደ ናስ ሽታ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ሳንቲም ጨብጦ የዋለ መዳፍ ይሸታል። ከዘራዬን ተደግፌ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ፣ ሰውየው ቀና ብሎ "ምዜ፣ ኡሜፖቴያ?" አለኝ። ሽማግሌው፣ ጠፋብህ ወይ ማለቱ ነው። እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ እንደምኖር ነገርኩት። ከዚያ ዝም ብዬ ማለፍ ሲገባኝ አልቻልኩም፤ "ቀዳዳዎቹን ሁሉ አስቀድመህ አትብሳቸው። አንዱን ጫፍ እሰርና እየሄድክ ብሳ" አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ፈንዲ ነህ እንዴ?" አለ። ፈንዲ እዚህ አገር ባለሙያ ማለት ነው። "ነበርኩ" አልኩት። "የምን?" ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ሃያ ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት አውሮፕላን አልነበረም። "የጀልባ" አልኩት። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአሰለፈች ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አውሮፕላኑ ውሸት አይደለም። ጠጉሬ ገና ግማሹ ጥቁር በነበረበት ዘመን ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ የአነስተኛ ጭነት አውሮፕላኖች ጥገና ሃንጋር ውስጥ ላሜራ ቆራጭና ገጣሚ ነበርኩ። ቤታችንም እዚያው ኢምባካሲ ነበር። አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ብርጭቆ ይንጫጫል። እንግዳ ይደነግጣል፤ እኛ ወሬያችንን አቋርጠን እናሳልፈውና ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ወገባቸው ላይ ቢጫ መስመር የተቀቡበት፣ ለየወንበሩም ቀበቶ የተገጠመበት ሰሞን ነበር። ቀበቶውን የሚያጥብ ማን አለ? ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ደረቱ ላይ አግድም ጥቁር መስመር ይዞ ይወርዳል፤ ከተማው ውስጥ ማን በማታቱ እንደመጣ በዚያ ይታወቅ ነበር። ወደ መሃል ከተማ ሃያ ሽልንግ ነው፤ ዝናብ ጠብ ካለ ደግሞ ረዳቱ ዓይኑን ሳያሽ ሃምሳ ይላል። ውስጡ የኮንጎ ጊታር እስከ ጥርስ ድረስ ይነዝራል። ዘፈኑ ሳያልቅ መውረድ የሚያስቆጨኝ ጊዜ ነበር፤ ቋንቋውን አንድ ቃል አልሰማም፣ ግን ስለ ፍቅር እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ስልክ በሳንቲም የሚፋቅ ካርድ ነው የሚሞላው። ጓደኛ ጓደኛውን አንዴ ብቻ ያስጮህና ይዘጋዋል፤ "ፍላሽ አደረገኝ" እንላለን፤ ማን መልሶ ይደውል የሚለው መጠባበቅ ራሱ ጨዋታ ነበር።

ሃንጋር ስሄድ ሰማያዊ ቱታ ነበር የምለብሰው። አሰለፈች ቱታውን ትተኩሰዋለች፤ እሷ ያልተኮሰችው ቱታ አይለበስም፣ ሱሪው ፊት ለፊት ስለት አለው። ሥራችን በልክ ነው። የፀጉር ስፋት የሚያህል ስህተት ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ሌላ ሰው ያየዋል፣ ሌላ ሰው ይፈርምበታል። እንዲህ ያለ ቦታ የኖረ ሰው ደግሞ ትዕቢት አያጣውም። እኔም አላጣኝም። አንድ ቀን ድርጅቱ ሃንጋሩን ወደ ሌላ አገር አዛወረ፤ እኛን አላዛወረም። ቱታዬን ይዤ ተመለስኩ። እቤት ችግር የለም፣ ቤቱ ያን ጊዜም የቆመው በአሰለፈች በርበሬና ሽሮ ነበር፤ ሩንዳና ኪሊማኒ ያሉ የሐበሻ ቤቶች ሁሉ ደንበኞቿ ናቸው። ችግሩ እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ በርበሬ ስታስፈጭ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ የሚገልጥ ባል መሆን አልቻልኩበትም። ስለዚህ በየጠዋቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ "ቃለ መጠይቅ አለኝ" እያልኩ እወጣለሁ፤ ማታቱ እሳፈራለሁ፤ ደረቴ ላይ ጥቁር መስመሬን ይዤ መሃል ከተማ እወርዳለሁ፤ ከዚያም መናፈሻው ውስጥ፣ ሰዎች በጀልባ የሚዝናኑበት ኩሬ ዳር፣ ሣር ላይ ጋዜጣ አንጥፌ እቀመጣለሁ። እንዲህ አድርጌ ሁለት ወር ያህል ሄድኩ።

ኦኒያንጎን ያገኘሁት እዚያ ነው። በእድሜ እኩያዬ፣ ረጅም፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ የሚያደርግ፣ አገሩ በስተምዕራብ ካለው ትልቁ ሐይቅ ዳር የሆነ ጀልበኛ ነው። አባቱ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። እሱ ኩሬው ላይ ሕፃናትና ፍቅረኞችን በእንጨት ጀልባ ያዞር ነበር። የቀረችው ጀልባ አንዲት ናት፣ ስድስት ሰው የምትይዝ፤ በእናቱ ስም አቴኖ ብሎ ሰይሟታል። ያን ቀን አቴኖን ሣሩ ላይ ደፍቶ፣ የተከፈተ መጋጠሚያዋ ላይ የዘይት ጣሳ ቆርጦ በብረት ሚስማር ሲመታ አየሁት። ለመጀመሪያው ሚስማር ዝም አልኩ። ለሁለተኛው ጋዜጣዬን አጠፍኩ። ሦስተኛው ላይ ተነሣሁ።

"ወንድሜ፣ ምን እያደረግክ ነው? ይሄ ሚስማር በወር ውስጥ ይዝጋል። ጣሳው ደግሞ የሰው እጅ ይቆርጣል" አልኩት፣ በዚያ በተሰባበረው ስዋሂሊዬ።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ሸሚዜንም፣ ጥቁር መስመሬንም። "አንተ ፈንዲ ነህ?"

"የአውሮፕላን" አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

መዶሻውን አስቀመጠ። "የአውሮፕላን ፈንዲ ከሆንክ እግዚአብሔር ነው የላከህ" አለና ጉዳዩን ነገረኝ። ኩሬው ላይ ጀልባ እንዲሠራ የምትፈቅደው ማዳም የምንላት ሴት ናት። እንጨት ሰልችቷታል፤ በዳክዬ መልክ የተሠሩ፣ በእግር የሚዘወሩ የፕላስቲክ ጀልባዎች ልታስመጣ ተዘጋጅታለች። ለኦኒያንጎ የሰጠችው አንድ ዕድል ነው፦ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሕዝብ ወደ መናፈሻው ይጎርፋል፤ እስከዚያ አቴኖ ውሃ ሳታስገባ መንሳፈፏን በዓይኗ ካየች ቦታው የእሱ ነው፤ ካላየች ዳክዬዎቹ ይገባሉ። ከዚያ ኩሬ ሌላ ኦኒያንጎ ናይሮቢ ውስጥ ምንም የለውም። ሌላ ሥራ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ግን እጁ መቅዘፊያ ካልያዘ የት እንደሚያስቀምጠው የማያውቅ ሰው ነበር። የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። በማግስቱ እንደ ልማዴ ሸሚዜን ለብሼ፣ ቱታዬን በፌስታል ደብቄ ከቤት ወጣሁ።

በጣሳው ምትክ የሚገባውን የማይዝግ ናስ ጊኮምባ ገበያ ሄደን ገዛን። ጊኮምባን ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብዳል፤ በአንድ ወገን ካፖርት ተራራ ሆኖ ተከምሮ፣ በሌላ ወገን ብረት ከጠዋት እስከ ማታ ይቀጠቀጣል። አሰለፈች እዚያ በገዛችልኝ ካፖርት ኪስ ውስጥ አንድ ጊዜ የሌላ አገር የአውቶቡስ ትኬት አግኝቻለሁ። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ጥብጣቦቹን በክንድ ሲለካ፣ እኔ ሜትሬን አውጥቼ ስለካ፣ ኦኒያንጎ መሃላችን ቆሞ ሲያስታርቅ ግማሽ ቀን ሄደ። ርዝመታቸው የሰው ቁመት ከነተዘረጋ እጁ የሚሆን ናሶች ትከሻችን ላይ ተሸክመን፣ ማታቱ አላሳፍር ብሎን፣ እስከ መናፈሻው በእግራችን መጣን። መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። እኛም መሳቅ ጀመርን።

ሥራው ደስ ይል ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። መብራት የለም፣ ማሽን የለም። ግንድ ላይ የታሰረች አንዲት የብረት መቆንጠጫ ሞርሳ፣ የብረት መጋዝ፣ ሁለት ሞረድ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ፣ የእንጨት መዶሻና ካቻቢቴ፣ ይኸው ነው። ናሱን ሞርሳው ላይ አስረን በመጋዝ እንቆርጠዋለን፤ መጋዙን መግፋት እንጂ መጫን አያስፈልግም፣ የቸኮለ ሰው ጥርሱን ይሰብራል። ጠርዙን በሞረድ እናለሰልሰዋለን፣ የሕፃን እጅ ቢነካው እንዳይቆርጥ። ቀዝቃዛ ናስ እምቢተኛ ነው፣ ካጠፉት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ኩሬው ዳር ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ የምትጋግር ሴትዮ የከሰል ምድጃ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን እናግለውና ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ ናስ ግን ይለሰልሳል። ሴትዮዋ "ደንበኞቼ ቻፓቲ ነው የሚፈልጉት፣ እናንተ ናስ ትጋግራላችሁ" እያለች ትሳደብ ነበር፣ ግን ምድጃዋን አልከለከለችንም። ለእኛ ዐቢይ ጾም ነበርና እኔ ባቄላ በቻፓቲ፣ ኦኒያንጎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ እንበላለን። "ዓሣ እናንተ ጋ ሥጋ ነው?" ይለኛል። "እሱን ባለቤቴን ጠይቃት" እለዋለሁ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከርን። አቴኖ በጋውን ሙሉ ሣር ላይ ተደፍታ ፀሐይ ስትመታት ከርማለች፤ ጣውላዎቿ ደርቀው በየመጋጠሚያው ቀላል የማይባል ክፍተት ነበራት። እኔ ክፍተቱን በሬንጅ የተነከረ ጨርቅ በደንብ ጠቅጥቄ፣ ጣውላዎቹን በናስ ጥብጣብ አግድም እየጠፈርኩ፣ በናስ ቪቴ ጥርቅም አድርጌ ማሰር ጀመርኩ። ቀዳዳዎቹ እንደ ሃንጋሩ ናቸው፣ ቪቴው እንኳን ሊነቃነቅ አየር አያሳልፍም። ኦኒያንጎ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ማጂ ክዋንዛ" አለኝ። መጀመሪያ ውሃ ማለት ነው። "ባባ ሂሩት፣ ጀልባ መጀመሪያ መጠጣት አለባት።"

ባባ ሂሩት እኔ ነኝ፤ እዚህ አገር ሰው በመጀመሪያ ልጁ ስም ይጠራል። "ውሃ እንዳትጠጣ አይደለም እንዴ የምንለፋው?" ብዬ ሳቅሁበት።

"አባቴ ሦስት ቀን ያጠጣት ነበር።"

"አባትህ አውሮፕላን ሠርተው ያውቃሉ?"

ያቺን ነገር ባልተናገርኳት እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩ። ሰውየው ያከብረኝ ነበር፤ የአውሮፕላን ፈንዲ ሲል ድምፁ ዝቅ ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ክብር እንደ ቱታዬ ስለት ለብሼው ዞርኩ። ኦኒያንጎ ካቻቢቴውን አነሳና እኔ እንዳልኩት ያጠብቅ ጀመር።

አቴኖን ለመሞከሪያ አርብ ከሰዓት በኋላ ውሃ ላይ አወረድናት። ማዳም ቅዳሜ ጠዋት ልታያት ቀጥራለች። ጀልባዋ ኩሬው ላይ ቁጭ አለች፤ ናሷ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ጠብታ የለም። ኦኒያንጎ ያን ጊዜ የአባቱን ልማድ ነገረኝ። አባቱ ጀልባ ከጠገኑ በኋላ ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት፣ ውሃ እንዲወስድባቸው የማይፈልጉትን ሰው፣ ብዙ ጊዜ ሚስታቸውን፣ አስቀምጠው አንድ ዙር ይቀዝፉ ነበር። "ነገ ማማ ሂሩትን አምጣት" አለኝ። "ሥራ ይበዛባታል" አልኩት። ይኼም እውነት ነው። ሌላው እውነት ግን አሰለፈች የት እንደምውል አታውቅም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሷ ጓደኞች ባሎቻቸው በየድርጅቱ ያላቸውን ማዕረግ ሲያወሩ፣ የሷ ባል መናፈሻ ውስጥ ጀልባ ይለጥፋል እንዲባልባት አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ አንድ የቪቴ ራስ ከፍ ብሎ አየሁ። ማታ በደንብ አላጠበቅኩትም ብዬ ካቻቢቴ አምጥቼ አጠበቅኩት። ጅልነት እንዲህ ነው። እንጨቱ ሌሊቱን ሲጠጣና ሲያብጥ አድሮ "ቦታ ስጡኝ" እያለኝ፣ እኔ ይበልጥ ጠረቅኩት። ማዳም ሽቶዋን ተቀብታ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን ሣሩ እየዋጠባት መጣች። እኔና ኦኒያንጎ ገባን፣ እሱ ቀዘፈ። ኩሬው መሃል ስንደርስ ከእግሬ ሥር "ጧ" አለ። ቀጥሎ ሌላ "ጧ"። ጣውላው ሲያብጥ የጠቀጠቅኩት ጨርቅ መሄጃ አጥቶ ገፋ፤ ጥብጣቡ ቀስት ሆኖ ተነሣ፤ ቪቴዎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ፤ አንዱ ጣውላ ከጠርዙ ተሰነጠቀ። ውሃው ጫማዬን አልፎ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ዋና አላውቅም። ኦኒያንጎ በሙሉ ጉልበቱ ቀዝፎ ዳር አደረሰኝ። ማዳም ሰዓቷን አየች። "ዳክዬዎቹ ሞምባሳ ወደብ ደርሰዋል። የቀራችሁ እስከ ሰኞ ሳምንት ነው" ብላ ሄደች። የኬንያውያኑ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ ቀድሞ ነበር፤ ሰኞ ሳምንት ማለት ዘጠኝ ቀን ነው።

ኦኒያንጎ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ፖሌ" አለኝ፤ አይዞህ እንደማለት ነው። እሱን አጥፍቼው እኔን ያጽናናል። እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም። ያ ሁሉ የሃንጋር ዓመት፣ ያ ሁሉ ፊርማ፣ የአንድ ሰው እንጀራ ላይ ውሃ ለቀቀበት። "አባትህ ልክ ነበሩ። ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። "አባቴም የመጀመሪያዋን አስጥሟል" አለና ሳቀ፤ ከዚያ ዞር ብሎ የተነቀሉትን ቪቴዎች መልቀም ጀመረ።

እቤት ስገባ አሰለፈች በሩን ከፍታ መጀመሪያ ጫማዬን አየች፣ ቀጥሎ አሸተተችኝ። የኩሬ ጭቃ እንዴት እንደሚሸት ታውቁታላችሁ።

"ቃለ መጠይቁ ውሃ ውስጥ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀምጣ ሰማችኝ፣ ሳታቋርጠኝ፤ ይኼ የሷ ባሕርይ ስላልሆነ ይበልጥ ፈራሁ። የኦኒያንጎን አባት ልማድ ስነግራት ብቻ አስቆመችኝ።

"እና ሰውየው ሚስትህን አምጣ ሲልህ ያልወሰድከኝ ለምንድን ነው? ፈርተህ ነው ወይስ አፍረህ?"

"ሁለቱንም" አልኳት።

ጫማዬን አንስታ ጋዜጣ ውስጡ ወተፈችበት። "እፍረቱን ለኔ ተወው፣ እኔ እችለዋለሁ። ፍርሃቱን አንተ ሥራበት" አለችኝ።

ሠራሁበት። ናሱን ሁሉ ነቀልን። አቴኖን ድንጋይ ጭነን ኩሬው ዳር እስከ አፏ አሰጠምናት፤ የሚያየን ሁሉ አብደዋል ይል ነበር፣ ለማስተካከል የሚያሰጥም ማን አለ? ሦስት ቀን ጠጣች። ስናወጣት እነዚያ ሁሉ ክፍተቶች በራሳቸው ተዘግተው፣ ጣውላ ከጣውላ ተሳስሞ አገኘነው። አፌን ይዤ ቆምኩ። የተገፋውን ሬንጅ ፋቅን፣ የተሰነጠቀውን ጣውላ ኦኒያንጎ በሌላ ተካው። እንዳትደርቅ እርጥብ ጆንያ አለበስናትና ከሥሩ እየገለጥን መግጠም ጀመርን። እዚህ ላይ ግን የእኔም ሙያ አልቀረም። እንጨቱ ነገም ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲጠጣ ያብጣል፤ ታዲያ ናሱ መንገድ ይስጠው አልኩ። መሃል ያለውን ቀዳዳ ብቻ ክብ ትቼ፣ የቀሩትን በቀጭን ሞረድ ሞላላ አደረግኳቸው፤ ቪቴው እንዲይዝ፣ ግን ትንሽ እንዲንሸራተት። በሃያ ስንት ዓመት ሥራዬ ቀዳዳ ሆን ብዬ ሰፋ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ኦኒያንጎ አንዷን ጥብጣብ በጣቱ ወዲያና ወዲህ አንሸራቶ "ሳዋ" አለ። ሳዋ ማለት ደህና ነው ማለት ነው፣ ግን አባባሉ ከዚያ ይበልጥ ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ አሰለፈች ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ማታቱ ውስጥ ቀበቶውን በመሐረብ ጠርጋ ነው ያሰረችው፤ ወደ እኔ ዘወር ብላ "አንተ ግን ሁለት ወር ሙሉ ያንን መስመር ይዘህ ስትገባ የማላይ መስሎህ ነው?" አለችኝ። ለካ በየቀኑ ቃለ መጠይቅ እንደማይኖር ገና ከጅምሩ ታውቅ ነበር። ኩሬው ዳር ስንደርስ ከኦኒያንጎ ጋር ተጨባበጡ፤ "ካሪቡ ማማ ሂሩት" አላት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ ነው። ማዳምም መጥታለች። አሰለፈች ተወልዳ ያደገችው ደጋ ነው፤ ከባልዲ የሰፋ ውሃ ስታይ ታማትባለች። ጫማዋን አወለቀች፤ አማተበች፤ ገባች። እኔ ተከተልኳት፣ ኦኒያንጎ ቀዘፈ።

አሰለፈች ቀኝ እጇን መቀመጫው ሥር፣ ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ መዳፏን ጣውላው ላይ አስቀምጣ ነበር። ኩሬው መሃል፣ ባለፈው "ጧ" ያለብኝ ቦታ ስንደርስ እግሬ ሥር አዳመጥኩ። የመቅዘፊያ ድምፅ ብቻ ነው። ያችን አንድ ዙር ለመዞር ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን አላውቅም፤ እኔ የሷን እጅ ብቻ ነበር የማየው። ዳር ስንደርስ መዳፏን አነሣች፤ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥላ ለኦኒያንጎ፣ ከዚያ ከፍ አድርጋ ሣሩ ላይ ለቆመችው ማዳም አሳየች። ደረቅ ነበር። ማዳም ጠጋ ብላ መዳፏን በጣቷ ነካ አደረገችው። "ሃያ፣ ሰኞ በጠዋት ግቡ" አለች፤ ሃያ በስዋሂሊ እሺ ማለት ነው። ኦኒያንጎ ዞር ብሎ አፍንጫውን ተናፈጠ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ነገሩን የነገረቻቸው ራሷ አሰለፈች ናት፤ እኔ ካደረግኩት ሁለት እጥፍ አድርጋ።

ዳክዬዎቹም በኋላ መጡ፣ ግን ከአቴኖ ጎን ነው የቆሙት። እኔም ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት እዚያው ኩሬ ዳር ስቆርጥና ስገጥም ኖርኩ፤ ኦኒያንጎ ከሚያውቃቸው ከሌሎች ሐይቆችም የጀልባ ሥራ ይመጣልን ነበር። ኦኒያንጎ አሁን አገሩ ገብቶ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። በየፋሲካው ሁለት ጊዜ ይደውላል፣ ለእነሱም ለእኛም። አቴኖ ጣውላዋ ሁሉ አርጅቶ ተለውጧል፤ ናሱን ግን ነቅሎ አዲሱ ጣውላ ላይ ገጥሞታል። ያችን የጎበጠች የመጀመሪያዋን ጥብጣቤን እኔ ነኝ ያስቀረኋት፤ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። የሂሩት ልጆች ቀስት ትመስላቸዋለች።

ማክሰኞ ዕለት አሰለፈች ስቃ ስታበቃ "የጀልባ ፈንዲ ከሆንክ የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል" አለችኝ። ሂሩት ባለሙያ እጠራለሁ ብትል እምቢ አልኩ። ሞረድና መፍቻዬን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ፤ መነጽሬን አደረግኩ፤ ጉልበቴ እየጮኸ ተንበረከክኩ፤ ፈታሁ፣ ጠረግኩ፣ አሰርኩ፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። "በይ እዪው" አልኳት። እንደ ሁልጊዜዋ፣ እቤት ውስጥ አንድ ነገር በጠገንኩ ቁጥር እንደምታደርገው፣ ቀኝ መዳፏን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ፊቴ አመጣችው።

እርጥብ ነበር።

"ገና ስላልጠጣ ነው። ሦስት ቀን ስጪው" አልኳት። እጇን በካኔተራዬ ጠረገችና መፍቻውን አቀበለችኝ።